ነዳጅ የማያቃጥሉት ማሽኖች ተፈላጊነት

ለበርካታ አሥርት ዓመታት የኤሌክትሪክ መረቦችን ያረጋጋው በከሰልና በጋዝ ማመንጫዎች ውስጥ የሚሽከረከረው ከባድ ብረት ነው፤ ድንገተኛ ጉድለት ሲያጋጥም የእሽክርክሪቱ ጉልበት መረቡን ለጥቂት ሰከንዶች ይደግፋል። የፀሐይ ኃይል ግን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች በኩል ስለሚገናኝ ይህን ድጋፍ በራሱ አይሰጥም።

በመሆኑም ቀድሞ ከማመንጫው ጋር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይገኝ የነበረው መረጋጋት ዛሬ ለብቻው የሚገዛ ሸቀጥ ሆኗል። ሲንክሮነስ ኮንደንሰር የተሰኘው ማሽን ነዳጅ ሳያቃጥል፣ ከመረቡ በሚወስደው ጥቂት ኃይል እየተሽከረከረ ክፍተቱን ይሞላል።

የመጨረሻውን የከሰል ማመንጫዋን በ2016 የዘጋችው የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት፣ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 28 ቀን በማዕበል ሳቢያ ሙሉ በሙሉ ጨለማ ውስጥ ገባች፤ አራት ማሽኖችን ሥራ ላይ ያዋለችው በ2021 ነው። ኢስቶኒያ፣ ላትቪያና ሊቱዌኒያ በአንጻሩ በፌብሩዋሪ 2025 ከሩሲያ መረብ ለመላቀቅ ሲዘጋጁ ሦስት ሦስት ማሽኖችን አስቀድመው አዘዋል።

ሲመንስ ኢነርጂን፣ ጂኢ ቬርኖቫንና ኤቢቢን የመሳሰሉ አምራቾች አሁን ባትሪዎች ይፎካከሯቸዋል። ሆኖም በብልሽት ጊዜ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት በመስጠት ረገድ ማሽኑ ብልጫ አለው። ከትዕዛዝ እስከ ተከላ ዓመታት የሚወስድ በመሆኑም፣ ነባር ማመንጫውን ለመዝጋት የወሰነ አገር ግዢውን ከመዝጊያው ዕለት አስቀድሞ መጀመር ይኖርበታል።