ዳይቱ የእናንተ ነው፣ የልጁ አይደለም

ሰሞኑን ቲክቶክም ፌስቡክም ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ በዝቷል። «ከወለድኩ በሁለት ወር ወደ ድሮ ቁመናዬ ተመለስኩ» የሚል። ከሥሩ ያለው ኮሜንት ደግሞ «ምን ተጠቅመሽ ነው እህቴ? እባክሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ» ነው። ስለ ልጁ የሚጠይቅ አንድ ሰው የለም። ልጁስ ኪሎው ስንት ደረሰ?

ለብዙ ዓመት የነርስ ተማሪዎችን ያስተማርኩ ሰው ነኝና ዛሬ እኔ ልጠይቅ። የሚከፋው ካለ ይከፋው።

ነገሬ አጭር ነው። ቤት ውስጥ ዳይት የጀመረ ወላጅ ካለ፣ እናትም ትሁን አባት፣ ዳይቱ ከራሱ ሳህን አልፎ ወደ ሕፃኑ ሳህን መሻገር የለበትም። እየተሻገረ ግን እያየን ነው። ማንም በክፋት አያደርገውም። መጀመሪያ ዘይቱ ከኩሽና ይወጣል። ቅቤው «ኮሌስትሮል ነው» ተብሎ ይቀራል። ወተቱ ስቡ የወጣለት ይሆናል። የእንቁላሉ አስኳል ይጣላል። ታዲያ ለልጁ የሚበስለው ምንድነው? ቤት ያለው ነዋ! የካሮትና የድንች ሾርባ በውሃ፣ ቀጠን ያለ አጥሚት በጡጦ። «ጤናማ ምግብ ብቻ ነው የምንሰጠው» ይሉኛል በኩራት። የልጁ ኪሎ ግን ፈቀቅ አላለም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ዱቄት ወይም ፕሮቲን 4 ብቻ። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሩብ ሊትር ገደማ ነው፣ አንድ የውሃ ብርጭቆ ማለት ነው። ያቺን ብርጭቆ በቀጭን ሾርባ ከሞላችኋት ልጁ ጠገበ፣ ግን አልበላም። የእናት ጡት ወተት እንኳ ከሚሰጠው ካሎሪ ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከስብ ነው። ጡት የሚጠባ ከ6 እስከ 8 ወር ያለ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ የሚያስፈልገው በቀን 200 ካሎሪ ገደማ ነው። አንዲት የሻይ ማንኪያ ዘይት 40 ካሎሪ አላት። አንዲት ማንኪያ የቀኑን አንድ አምስተኛ ሸፈነች ማለት ነው። እናንተ የምትፈሯት ያቺን ማንኪያ ነው!

ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ያደርሳል። እናንተ ልትቀንሱ ነው፣ እሱ ሊገነባ ነው። ቤት የሚያፈርስና ቤት የሚሠራ ሰው አንድ ዓይነት ዕቃ አይገዛም።

«ከልጅነቱ ስብ ከለመደ ወፍራም ይሆናል» የሚል መልስ ይመጣል። ኧረ ተዉ! ለውፍረት የሚያሰጋው ለስላሳው፣ ብስኩቱ፣ ስኳር የበዛበት ጁሱ ነው እንጂ ገንፎ ላይ ጠብ ያለች ዘይት አይደለችም። ስቡ የወጣለት ወተት ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይመከርም።

አንድ ነገር ልጨምር። በሃይማኖታችን እንኳ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጹም አይባልም። በእስልምናም የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች ረመዳንን እንድትፈታ ተፈቅዶላታል። ጾም እንኳ ያልያዘውን ሕፃን የኢንስታግራም ዳይት ያስጹመው?

አሁን ወደ እናትየዋ ልምጣ፤ ምክንያቱም ጥፋቱን እሷ ላይ ብቻ ጥሎ መሄድ ግፍ ነው። የምታጠባ ሴት ከወትሮው በቀን ወደ 500 ካሎሪ ተጨማሪ ያስፈልጋታል። ስትራብ ሰውነቷ መጀመሪያ ከራሷ እየቆረሰ ለልጁ ወተት ያደርሳል፣ የምትከስለው እሷ ናት። ርሀቡ ከበረታ ወተቱም ይቀንሳል። አያቶቻችን አራስን ገንፎ በቅቤ የሚያበሏት፣ ጎረቤት አጥሚት ይዞ የሚመጣው ለወግ ብቻ አልነበረም። እኛ ደግሞ አራስ ልንጠይቅ ሄደን «ወይኔ ወፈርሽ! ቦርጩን በቶሎ ካላጠፋሽው ይቀርብሻል» እንላለን። ባልም አጠገቧ ተቀምጦ ይስቃል። ከዚያ ሴትየዋ ምሳ መብላት ስታቆም «ዘመናዊ ሆነች» ተባለ። አፋችንን ብንሰበስብ የብዙ ሕፃን ኪሎ ይስተካከል ነበር።

መቀነስ የፈለገች እናት አትቀንስ አላልኩም። ማጥባቱ ይደላደል፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ ስኳሩንና ለስላሳውን ትታ፣ እየተራመደች ትቀንስ። ምግብ መዝለሉና የማቅጠኛ ሻዩ ግን ይቅር።

በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረዋል፣ 21 በመቶው ክብደታቸው ከዕድሜያቸው በታች ነው። የብዙዎቹ ምክንያት ማጣት ነው። ዘይት መግዣ ያጣች እናት ባለችበት አገር፣ ዘይት ያለው ቤት ልጁን ከዘይት ሲከለክል ያመኛል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለልጁ የራሱ ድስት ይኑረው። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ፣ ወፈር ያለ ይሁን። አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይግባበት። እንቁላል ከነአስኳሉ፣ በደንብ የላመ ለውዝ፣ አቮካዶ፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ምስርና ሽሮ ይፈራረቁ። ማር አንድ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥ። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ከ9 ወር በኋላ ሦስት አራቴና መክሰስ ይብላ፣ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። 6 ወር ካልሞላው ግን ከጡት ሌላ ምንም አትስጡት፤ ኪሎ ካልጨመረ ማጥባቱን የሚያይ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። አልጨመረም ብላችሁ ደግሞ አፍንጫውን ይዛችሁ አትጋቱት፣ ትን ብሎት ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ሁሉም ክብደት ማነስ ከምግብ አይደለም። በተከታታይ ተመዝኖ ካልጨመረ፣ የሚያስመልሰው፣ የሚያስቀምጠው፣ ሲጠባ የሚያልበው ወይም እግሩ ያበጠ ከሆነ፣ ከ6 ወር በላይ ሆኖ የክንዱ ልኬት ከ12.5 ሳንቲ ሜትር ካነሰ፣ ፌስቡክ ላይ ምክር አትፈልጉ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ፣ ዛሬ ሚዛኑ ጋ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ። ካርዱ ላይ ነጥብ አድርጋችሁ «ኪሎው አንሷል፣ በደንብ አብይው» ብላችሁ አትሸኟት። «ቤት ውስጥ ዘይት የተወ ሰው አለ? አንቺስ ዛሬ ምን በላሽ?» ብላችሁ ጠይቋት። ሳትቆጡ፣ ሰው ሳይሰማ።

አራስ ልትጠይቁ የምትሄዱም ስለ ወገቧ ዝም በሉና ገንፎ ይዛችሁላት ሂዱ።

ዳይት ላይ ያለ ወዳጅ ያላችሁ ሼር አድርጉለት።