የገና አባት ልብስ፦ ልብስ ነው ወይስ የበዓል ማድመቂያ?

ለልጅዎ ኮስቲዩም ሲገዙ ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ ልብሶች ዋጋቸው ለምን እንደሚራራቅ አስበው ያውቃሉ? አንዱ ምክንያት ጉምሩክ ላይ ሊሆን ይችላል።

የአሜሪካን ጉዳይ እንይ። እዚያ ኮስቲዩም «የበዓል ዕቃ» ከተባለ መደበኛ ቀረጡ ዜሮ ነው፤ «ልብስ» ከተባለ ግን ይቀረጣል። ሩቢስ የተባለው ኮስቲዩም አምራች ከውጭ የሚገቡ ስስ ኮስቲዩሞች እንደ ልብስ ይመደቡ ብሎ ተከራከረ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ተረታ። ፍርድ ቤቱ ስስና ብዙ የማይቆዩ ኮስቲዩሞች የበዓል ዕቃ ናቸው አለ። በኋላ ደግሞ ይኸው ድርጅት ራሱ ያስመጣው የገና አባት ልብስ የበዓል ዕቃ ይባልልኝ አለ። በ2019 እ.ኤ.አ. አሁንም ተረታ! ኮቱ ገበርና ዚፕ ያለው፣ አሠራሩም የደንበኛ ልብስ ነበርና ኮቱ 32 በመቶ፣ ሱሪው 28.2 በመቶ ተመደበባቸው።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ላይ ነው፤ በእኛ ሙያ ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ስም ትልቅ ቦታ አለው። ጉምሩክ ግን ከስሙ አልፎ ስፌቱን ያያል። ጥሩ የተሰፋው ብዙ ስለሚቀረጥ፣ አስመጪው ስሱን ቢመርጥ አይገርምም።

እርስዎም እንደ ጉምሩክ ሠራተኛ ይመልከቱ፤ ልብሱን ገልብጠው ስፌቱን፣ ጠርዙንና ገበሩን ይፈትሹ። ለአንድ ቀን የልደት ድግስ ስሱ ይበቃል። ለታናሽ የሚተላለፍ ከሆነ ግን ዋጋውን ስንት ጊዜ እንደሚለበስ አካፍለው ያስሉት፤ ውድ የመሰለው ርካሽ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ።