የደጋፊ ተስፋና ሥጋት

በጎፋም ሆነ በመካኒሳ፣ በላፍቶም ሆነ በጀሞ፣ ባጠቃላይ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤታችሁ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ሊጋጠም ሲል የሚሰማችሁን ስሜት እስቲ አስቡት። አንደበታችሁ «እናሸንፋለን» ይላል፤ ልባችሁ ግን ይሠጋል። ብዙዎቻችሁ ይህን ሥጋት እንደ ድክመት ቈጥራችሁ ትደብቁት ይሆናል። እኔ ግን የማይሠጋ ደጋፊ ቡድኑን በቅጡ አያውቀውም እላለሁ።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝ ብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድናችን በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ወደተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ የተጓዘበት ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ በዚህ ውድድር ሳትሳተፍ 31 ዓመት አልፏት ነበር። በማጣሪያው ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ከተሸነፈች በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰዒድ ግቦች 2 ለ 0 ረታች፤ ከሜዳዋ ውጭ ባገባቻቸው ግቦች ብልጫም አለፈች። የዚያን ዕለት ከተማው በሆታ ተናወጠ።

ታዲያ ተስፋችን በምን ላይ የቆመ ነበር? አንዱ ምሰሶ የ1954 ዓ.ም. ድል ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ውድድሩን አስተናግዳ፣ በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች። የፍጻሜው ግጥሚያ የተካሄደው ጥር 13 ቀን ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያው ግጥሚያችንም የዋለው ጥር 13 ቀን ነበር። በገድ የሚያምን ሰው ከዚህ የበለጠ ምን ይፈልጋል! ይሁን እንጂ በ1954 ዓ.ም. የተወዳደሩት 4 አገሮች ብቻ ስለ ነበሩ፣ 2 ግጥሚያ ማሸነፍ ለዋንጫ አብቅቶናል። በ2005 ዓ.ም. ግን ተወዳዳሪዎቹ 16 ነበሩ። የአያትን ጀግንነት መተረክ መልካም ነው፤ ነገር ግን አያት ለልጅ ልጁ ግብ አያገባለትም።

ምድቡን ያየ ሁሉ መሥጋት ይገባው ነበር። ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶም ከእኛው ጋር ተመደቡ፤ ኋላም ለፍጻሜ የደረሱት እነዚሁ ሁለቱ ሆኑና ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች።

በዛምቢያው ግጥሚያ ሳላዲን የመታው ፍጹም ቅጣት ምት ከሸፈ፤ ጥቂት ቈይቶም ግብ ጠባቂያችን በቀይ ካርድ ወጣ። በዚህ ጊዜ ከደጋፊዎቻችን አንዳንዶቹ ጡሩምባና የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ሜዳ ወረወሩ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። እነዚህ ሰዎች አገራቸውን እንደሚወዱ አልጠራጠርም። ሆኖም ክፉ ነገር ሊደርስ እንደሚችል አስቀድመው በልባቸው አላሰቡትምና፣ በደረሰ ጊዜ የሚያደርጉት ጠፋቸው። በሜዳ የቀሩት 10 ተጫዋቾች ግን መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ ግብ ተቈጥሮባቸውም አዳነ ግርማ አስተካከለና 1 ለ 1 ወጡ። ሰው ጐድሎ ከዋንጫው ባለቤት ጋር እኩል መውጣት፣ በእኔ ግምት፣ ከብዙ ድል ይበልጣል።

«ሥጋት ተጫዋቹን ያዳክማል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተጫዋች በፍርሃት ተይዞ ሜዳ ቢገባ እግሩ እንደሚታሰር እኔም አምናለሁ። ዳሩ ግን ደጋፊ ኳስ አይመታም፤ ከእርሱ የሚጠበቀው ውጤቱ ሲከፋ በቦታው መገኘት ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤታችሁ በሚጋጠምበት ሳምንት የተጋጣሚውን ብርታት ጠይቃችሁ ተረዱ፤ የራሳችሁንም ቡድን ልምምድ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ኳስ ከግብ ጠባቂያችሁ እጅ ብታመልጥ ምን ብላችሁ እንደምትጮኹም ከወዲሁ ቍረጡ።

ቡድናችን በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ከተሸነፈ በኋላ ጥር 21 ቀን ከናይጄሪያ ጋር ተጋጠመ። በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ከመረታቱ በፊት፣ የኋላውን ሻምፒዮን እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ግብ ሳያስቈጥር አቈይቶት ነበር። ከቡርኪና ፋሶው ሽንፈት በኋላ «አበቃ» ብሎ ፊቱን ያዞረ ደጋፊ ቢኖር፣ ያንን ጨዋታ አላየውም።