የሚሰልለው እጅ ብቻ አይደለም

ስትሮክ ሲባል በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና የሚመጡት ምርኩዝ የተደገፉ አረጋዊ ናቸው። አኃዙ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። የዓለም የስትሮክ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መረጃ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ12 ሚሊዮን በላይ አዳዲስ ስትሮኮች ይከሠታሉ፤ ከእነዚህም ከመቶ 16 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ወጣቱን ለዚህ ሕመም የሚዳርግ አንድ የታወቀ መንገድ አለ። በልጅነት በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ ትኩሳትን ያስከትላል፤ ትኩሳቱ የልብን በሮች ያቆስላል፤ በተበላሸው በር ሳቢያ በልብ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ከረጋው ደም ቁራሽ ተነሥቶ ወደ አንጎል ሲሄድ አንዱን የደም ሥር ይደፍናል። ተለክቶ የማያውቅ የደም ግፊትም ሌላው ምክንያት ነው።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኖ ሳለ ሰውነት ከሚጠቀምበት ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ስለሆነም ደም ሲቋረጥበት አይታገሥም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ስሌት እንደሚያሳየው ትልቅ የደም ሥር በተደፈነ ጊዜ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይሞታሉ። ስለዚህች የመጀመሪያ ሰዓት ብዙ ተጽፏል፤ ሊጻፍም ይገባል። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ከዚያች ሰዓት በኋላ የሚመጡትን ሠላሳና አርባ ዓመታት ነው። ወጣት ታማሚ ከጉዳቱ ጋር ገና አንድ ሙሉ ዕድሜ ይኖራልና።

ለምሳሌ ያህል ራቤልን እናስብ። በዚያ በግሼ ደጋ፣ ገብስና ባቄላ በሚዘራበት፣ በግ በሚረባበት አገር አንድ የ32 ዓመት ገበሬ አንድ ማለዳ ቀኝ እጁና እግሩ አልታዘዝ ቢሉት፣ አንደበቱም ቢተሳሰር ምን ምን ያጣል? አራሽ በአንድ እጁ ዕርፉን፣ በሌላው ጅራፉን ይይዛል፤ በአንድ እጅ የሚታረስ እርሻ የለም። ወንፈልም ቢሆን ብድር ነው፤ የሰው ጉልበት የተቀበለ ጉልበቱን ይመልሳል። መመለስ ያልቻለው ሰው፣ ማንም ሳይከፋበት፣ ቀስ በቀስ ከቁጥር ይወጣል። ትልቁ ልጅ ደብተሩን አስቀምጦ በሬ ይጠምዳል። ሚስት በአንድ ጊዜ አስታማሚም፣ አባወራም ትሆናለች። ጎረቤት «መጋኛ መታው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ የእርግማን ወሬ ያመጣል። በመጀመሪያው ሰሞን ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ወራት ሲቆጠሩ ግን በሩን የሚያንኳኳው ይሳሳል፤ የሚመጣውም ከታማሚው ጋር ሳይሆን ከሚስቲቱ ጋር ተጫውቶ ይሄዳል።

በዚህ ላይ በዓይን የማይታየው ጉዳት ይጨመራል። ከስትሮክ ከተረፉ ሦስት ሰዎች አንዱ ያህል በድብርት እንደሚያዝ ጥናቶች ያሳያሉ። ከፊሉ የደረሰው መከራ የሚወልደው ኀዘን ነው፤ ከፊሉ ግን ስሜትን የሚያስተዳድሩት የአንጎል ክፍሎችና መገናኛ መስመሮቻቸው በመጎዳታቸው የሚመጣ ነው። አንዳንዱ ታማሚ ኀዘን ሳይሰማው ዕንባው ይፈስሳል፤ ወይም በለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳቅ ያመልጠዋል። ወንድ ልጅ አያለቅስም በሚባልበት አገር ይህ ምን ያህል እንደሚያሸማቅቅ መገመት አያዳግትም። ድካሙም አለ፤ ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ ሰው ረፋድ ላይ ሲዝል ቤተሰብ ስንፍና ይመስለዋል። ለእነዚህ ሁሉ «እምነት አነሰው» ወይም «ወኔው ተሰለበ» የሚለው ፍርድ በሳይንስ ረገድ መሠረት የለውም። ድብርቱም ሆነ ያለ ፈቃድ የሚመጣው ለቅሶ መድኃኒት አላቸው። ፀበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ክኒኑንም አያቋርጥ።

የንግግር ነገር ለብቻው ይታይ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከምትል ቃል በቀር መናገር የተሳነውን ታማሚ አንጎል ከሞተ በኋላ መርምረው ጉዳቱን በግራው የፊት ክፍል አገኙት። እንዲህ ያለው ሰው የሚነገረውን ባብዛኛው ይረዳል፤ ቃሉን ማውጣት ግን ያቅተዋል። ደግሞም የሚደንቅ ነገር አለ፦ አንዲት ዓረፍተ ነገር መመሥረት ያልቻለ ሰው ዘፈንን፣ ቁጥርን፣ በቃሉ ያጠናውን ጸሎት ሊያወርደው ይችላል። ከዚህም በመነሣት የቦስተን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1973 በዜማ ንግግርን የማስመለስ ሕክምናን አስተዋውቀዋል። ዳዊት በሚደገምበት፣ ውዳሴ ማርያም በቃል በሚጠናበት በመንዝ አገር ይህ ዕውቀት በየቤቱ መግባት ነበረበት። «አእምሮው ጠፍቷል» ተብሎ ጥግ የተተወ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ጸሎቱን አብሮት የሚጀምርለት አንድ ዘመድ ብዙ ነገር ይለውጣል።

መደበቁ የቆየ ልማዳችን ነው። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በአንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ከባድ ስትሮክ ደርሶባቸው አንደበታቸው ከተያዘ በኋላ በ1906 ዓ.ም. ታኅሣሥ እስኪያርፉ ድረስ ከሕዝብ ዓይን ተሰውረው ኖሩ፤ ሞታቸውም ለጊዜው ተሸሸገ። እርግጥ ነው፣ ንጉሡ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ የቤተ መንግሥቱም ምክንያት ፖለቲካ ነበር። የገበሬው ቤት ምክንያት ኀፍረት ነው፤ ውጤቱ ግን ያው ጓዳ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ኤድዋርድ ታውብ የተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ በጦጣዎች ላይ ያገኙት ነገር ነው። የአንድ ክንዷ የስሜት ነርቭ የተቆረጠ ጦጣ ክንዷን ለማንቀሳቀስ የሚያስችላት ነርቭ ደኅና ሆኖ ሳለ ክንዱን ትተወዋለች። ለምን ቢባል፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሞክራ ስላልተሳካላት አለመጠቀምን ተምራለች። ደኅናው ክንድ ሲታሰርባት ግን የተተወው ሥራ ይጀምራል። ይኸው ዘዴ ለሰው ተወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ በታተመው ጥናት 222 ታማሚዎች ተሳትፈዋል፤ ዘዴው የደረሳቸው ለሁለት ሳምንት ደኅናውን እጅ በጓንት ሸፍነው የደከመውን ሲያሠለጥኑ የተሻለ መሻሻል አሳዩ፤ ልዩነቱም ከዓመት በኋላ አልጠፋም።

ምሳሌን ከልኩ በላይ መለጠጥ ለሳይንስ ሰው አይገባም። ይሁን እንጂ በአንድ ክንድ ላይ የሚሆነው በአንድ ሰው ላይም ሲሆን እናያለን። «አንተ ዐርፈህ ተቀመጥ፣ እኛ እንሠራለን» የሚለው ደግነት ወጣቱን አለማገልገልን ያስተምረዋል። በሽምግልና አይጠራም፣ በዕድር ሐሳቡን አይጠየቅም፣ በግ ሲሸጥ ዋጋው አይነገረውም፤ ሊናገር ሲጀምር ሌላው ቃሉን ይነጥቀዋል። በእኔ እምነት ከአንጎሉ ጠባሳ የማይተናነሰው ጉዳት ይህ ነው፤ ጉዳቱን የምናደርሰውም እኛው ነን። በአንድ እጅ ማረስ አይቻልም፤ በጎች መቁጠር፣ ድንበር ማስታረቅ፣ የዕድር ዳኛ መሆን ግን ይቻላል። ቃሉን እስኪያወጣ መጠበቅ ደግሞ የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሐኪሞች የተረፈውን ሰው ሁኔታ የሚለኩት ብዙውን ጊዜ የራንኪን መለኪያ በሚሉት ከ0 እስከ 6 በሚደርስ ደረጃ ነው። በእኛ በፊዚክስ ሰዎች ዘንድ መለኪያ ያላየው ነገር የለም ብሎ መደምደም ትልቅ ነውር ነው። ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ ራሱን የሚያለብስ ሰው በዚህ መለኪያ «ቀላል ጉዳት» ተብሎ ይመዘገባል፤ ከሳምንት እስከ ሳምንት ከማንም ጋር ሳይነጋገር ቢኖር ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። በጤና ጣቢያ የደም ግፊቱን የሚለካለት ባለሙያ መሣሪያውን ከመፍታቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ቢጨምርስ? እንቅልፍህ እንዴት ነው? ያስለቀሰህ ነገር አለ? በዚህ ሳምንት ምክርህን የጠየቀህ ማን ነው?