በደረቅ አበሳ

ማጂክ በሚጫወቱ ሰዎች ዘንድ አንድ የማያልቅ ጩኸት አለ፤ «ጅምላ ጨራሽ ይከልከል!» የሚል። የጦር መሣሪያ እንዳይመስላችሁ ጎበዝ፣ ካርታ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተሰለፉትን ፍጡራን በሙሉ ባንዴ ጠርጎ የሚያወጣ ካርታ። በተለይ አራት ሆነው «ኮማንደር» በሚሉት ዓይነት የሚጫወቱ ወዳጆች ዘንድ እንዲህ ያለ ካርታ የጣለ ሰው ሠርግ ቤት ገብቶ ሙሾ እንዳወረደ ነው የሚታየው። እኔ ግን ክሱ የተመሠረተው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው ባይ ነኝ። መከሰስ ያለበት «አትንኩኝ» ባዩ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ ማጂክ የሂሳብ ምሁሩ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈጠረው፣ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት በ1993 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለገበያ ያወጣው የካርታ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ማና የሚባል ጉልበት እየከፈለ ፍጡራን ያሰልፋል፣ በነሱም ያጠቃል። የተጋጣሚን ፍጡር ለማጥፋት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው «ይሄኛውን» ብሎ ዒላማ መርጦ መምታት ነው። ሌላው ማንንም ሳይመርጡ ሁሉንም መምታት። ጠቡ ሁሉ ያለው እዚህች ልዩነት ውስጥ ነው።

ነገሩ ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ አለ። ብላክ ናይት የሚባለው ጥቁር ፈረሰኛ ከነጭ ካርታዎች ጥበቃ እንዳለው ተጽፎለታል። ራዝ ኦፍ ጋድ (የእግዜር ቁጣ እንበለው) ደግሞ ነጭ ካርታ ነው፤ አራት ማና ተከፍሎበት ፍጡራንን ሁሉ ይደመስሳል። ታዲያ ፈረሰኛው ይተርፋል? አይተርፍም! ጥበቃው የሚከለክለው ከነጭ የሚመጣ ጉዳትን፣ የነጭ ዒላማ መሆንን፣ በነጭ ፍጡር መታገድንና ነጭ ነገር ላዩ ላይ መለጠፍን ነው። ቁጣው ከነዚህ አንዱንም አያደርግም። በአንጻሩ ፓይሮክላዝም የሚባለው ቀይ ካርታ በእያንዳንዱ ፍጡር ላይ ሁለት ነጥብ ጉዳት ስለሚያደርስ፣ ከቀይ ጥበቃ ያለው ፍጡር ምንም ሳይሆን ይቆማል። ሁለቱም የጅምላ ናቸው፤ የሚለያዩት በግሳቸው ነው። «ጥበቃ አለው እኮ!» እያለ የሚጨቃጨቅ ሰው መጀመሪያ ካርታውን ያንብብ።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋተኛ፣ ወደ ሄክስፕሩፍ። ስሙን ያገኘው በ2011 ነው፤ ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። ተጋጣሚ ዒላማ ሊያደርገው አይችልም፣ ባለቤቱ ግን እንደ ልቡ ያስጌጠዋል። (ሽራውድ የሚባለው ዘመዱ ቢያንስ ለባለቤቱም ዝግ ነው። እሱን አልከስም።) ስሊፐሪ ቦግል የተባለችውን የ2008 ካርታ ውሰዱ፦ ዋጋዋ አንድ ማና፣ ጉልበቷ አንድ፣ ጽናቷ አንድ። ብቻዋን ስትታይ ታሳዝናለች። ባለቤቷ አስማት ላይ አስማት ሲደርብባት ግን ማንም የማይነካት ጭራቅ ትሆናለች። እሷን ብቻ ላስወግድ ብል ሕጉ አይፈቅድልኝም። «አንድ ፍጡር ሰዋ» የሚል ካርታ ባወጣ፣ ሰውዬው አጠገቧ ያለውን ተልካሻ ሰውቶ ይገላገላል። ታዲያ ምን ቀረኝ? ሁሉንም መጥረግ!

ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛውና አራተኛው ተጫዋች ምን አጠፉ? ፍጡሮቻቸው ማንም ዒላማ ሊያደርጋቸው የሚችል ምስኪኖች ናቸው። በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል እንዲሉ፣ አብረው ተጠረጉ። ከዚያ ሦስቱም ተባብረው የሚቆጡት ማን ላይ ነው? ጠራጊው ላይ! የማይነካው ፍጡር ባለቤትም አብሮ ያለቅሳል፤ እንዲያውም ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የሱ ልቅሶ ነው።

ሳይክሎኒክ ሪፍት የተባለው የ2012 ካርታ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በሁለት ማና የሌላ ሰው የሆነን አንድ ነገር (መሬት ካልሆነ) ዒላማ አድርጎ ወደ ባለቤቱ እጅ ይመልሳል። ሰባት ከተከፈለበት ግን «ዒላማ» የሚለው ቃል «እያንዳንዱ» በሚለው ይተካና የሁሉም ሰው ሜዳ ባዶ ይቀራል፤ ከከፋዩ በስተቀር። ሄክስፕሩፍ ፊት የሁለት ማናው ከንቱ ነው። የሰባቱ ይሠራል። እንግዲህ የትኛውን እንድከፍል ነው የምትገፋፉኝ?

አምራቹም እሳቱ ላይ ቤንዚን ጨምሯል። በ2004 የማይደመሰሱ ካርታዎች መጡ፤ የእግዜር ቁጣ እንኳ አልደፍር አላቸው። ከዚያ በኋላ «ደምስስ» የማይሉ ጠራጊዎች ተፈላጊ ሆኑ። ቶክሲክ ዴሉጅ (2013) ጽናታቸውን ቀንሶ ዜሮ ያደርስና ይገድላል። ፌርዌል (2022) በስድስት ማና ፍጡሩንም፣ ዕቃውንም፣ መቃብሩንም ጭምር ከጨዋታው ሊያሰድድ ይችላል። አሁንም በዚህ መሀል የሚያልቁት ጋሻ የሌላቸው ናቸው።

«ጅምላ ጨራሽ ጨዋታውን ያራዝመዋል» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ሁሉም ከባዶ ሲጀምር ቡናው በረካ ይደርሳል። የተሻለው ሙግት ሌላ ነው፦ «ያለ ሄክስፕሩፍ ማን ትልቅ ፍጡር ያወጣል? አንድ ማና ብቻ የሚከፈልበት ስዎርድስ ቱ ፕላውሼርስ ያሰናብተዋል»። መልሱ ከ2021 ጀምሮ አለ፤ ዋርድ ይባላል። ፍጡሩን ዒላማ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ተጨማሪ ዋጋ አለው፤ ካልከፈላችሁ ምታችሁ ይከሽፋል። ጋሻ ከተባለ እንዲህ ያለው ነው! ዋጋውን የሚከፍለው መምታት የፈለገው ሰው እንጂ አጠገቡ የተቀመጠው አይደለም።

ስለዚህ ጠረጴዛችሁ ላይ ጅምላ ጨራሽ ልትከለክሉ ካሰባችሁ፣ እዚያው ወረቀት ላይ ሄክስፕሩፍንም ጻፉ። አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ ግን ቦግሏን የሚያስጌጣት ሰውዬ ካርታ ሳይታደል አሸንፏል፤ እኔንም አትጥሩኝ።