ሠዓሊ የለም ለሚሉ

ባለፈው እትማችን አንድ ወንድማችን ስለ ተማሪዎች ድርሰት በግል ስለ ማሳተም በጻፈው ጽሑፍ «በድሬዳዋ ለመጽሐፍ የሚሆን ሥዕል የሚሥል ሰው አይገኝም፤ ወይ ያለ ሥዕል ማሳተም ወይም አዲስ አበባ መውጣት ግድ ነው» ብሎ ነበር። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። በዚህች በአንዲት አሳብ ግን አልስማማም። ከተማችን ለመጽሐፍ እንግዳ አይደለችም፤ ከጣልያን ወረራ በፊት የካቶሊክ ሚሲዮን የቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት የአማርኛ መጻሕፍት ያትም የነበረው እዚሁ ነው። የሆነ ሆኖ እኔ የምከራከረው በታሪክ ሳይሆን በራሴ ላይ በደረሰው፣ ይልቁንም እኔ ራሴ ባደረስሁት ነገር ነው።

አንዳንዶቻችሁ እንደምታውቁት ዓምና አያቴ ስትነግረኝ ያደግሁትን ታሪክ ሰብስቤ፣ ከኪሴና ከአጎቴ ኪስ በወጣ ገንዘብ 300 ቅጂ አሳተምሁ። መጀመሪያ ሠዓሊ የፈለግሁት እንደ ወንድማችን ምክር አዲስ አበባ ነው። ሥራውን በስልክ ላሳየኝ ለአንድ ወጣት «አሮጊት፣ ፍየሎች፣ የደቻቱ ወንዝ» ብዬ አንድ መስመር ላክሁለት። በሳምንቱ ሥዕሉ መጣ። እጁ በእውነት የሠለጠነ ነው። ነገር ግን ደቻቱ እንደ ዓባይ ሰማያዊ ውኃ ሞልቶት፣ ዳር ዳሩን ቄጠማ በቅሎበት ነበር። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ መሆኑን፣ ሰው በእግሩ እንደሚሻገረው፣ ልጅም ኳስ እንደሚጫወትበት ማን ይንገረው? ከተማችንን አላያትም፤ እኔም ታሪኩን እንዲያነብ አልሰጠሁትም። ግማሽ ዋጋ ከፍዬው በሰላም ተለያየን። (ቃል ሲጽፉለት ሥዕል የሚያወጣውን ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ሞክሬው ነበር፤ እርሱ ደግሞ ደቻቱ ላይ ጀልባ ጨመረበት።)

ከዚያ በኋላ ነው መጋላ ውስጥ ታፔላ ከሚጽፍ ሰው ዘንድ የሄድሁት። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ የሱቅ ስም ይጽፋል፤ ለጠጉር ቤቱ የተላጨ ራስ፣ ለልብስ ሰፊው መኪና ይሥላል። በመኪና የሚታተመው ባነር ከመጣ ወዲህ ሥራው ቀዝቅዞበታል። በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣል፤ ቢሆንም እንደ አገራችን ልማድ «አንተ» ተባባልን፤ በድሬ «እርስዎ» ማለት ሰውን ማራቅ ነውና።

«አቦ መጀመሪያ አንብብልኝ» አለኝ። በቀለም ቆርቆሮ ላይ ተቀምጬ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁለት። አያቴ ጎርፉ ሳይደርስ ድምፁን ሰምታ ልጆቹን ከአሸዋው ካስወጣችበት ቦታ ስደርስ አስቆመኝና «ድምፅ እንዴት ይሣላል?» አለ። መልስ አልነበረኝም። «ሂድና ኀሙስ ተመለስ።»

ኀሙስ ያሳየኝ ሥዕል ውኃ የለበትም። ደረቅ አሸዋ ነው። በአሸዋው ላይ ሰባት ፍየሎች ጆሮአቸውን አቁመው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ተራራው መልሰዋል። ሌላ ምንም የለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ወርዶ ብዙ ሰው የፈጀውን ጎርፍ የሚያስታውስ የዚህ ከተማ ሰው ሥዕሉን ሲያይ ዝም ይላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔም በዚያው ዕለት ስለ ጎርፉ ድምፅ የደከምሁባቸውን አራት መስመሮች ሰረዝሁ። ፍየሎቹ ካሉ እነርሱ ትርፍ ናቸው።

ደራሲ ለሠዓሊ ቃሉን መሠረዙ ውርደት የሚመስለው ካለ የኦክስፎርዱን የሂሳብ መምህር፣ የአሊስን ደራሲ ሉዊስ ካሮልን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1865 መጽሐፉ ሲወጣ አሳታሚ ቢኖረውም የኅትመቱን ወጪ የቻለው ራሱ ነበረ፤ ለሠዓሊው ለጆን ቴኒየል ስለ 42 ሥዕሎች 138 ፓውንድ ከፍሏል። ቴኒየል ግን የሥዕሎቹ አታተም አልጣመኝም ባለ ጊዜ ታትሞ የነበረው 2,000 ቅጂ ቀርቶ መጽሐፉ እንደ ገና ታተመ። በሁለተኛውም መጽሐፍ ስለ አንድ ተርብ የሚያወራውን ክፍል ቴኒየል ለሥዕል አይሆንም ብሎ ቢጽፍለት ካሮል ክፍሉን አወጣው። ገንዘቡን የከፈለው ደራሲው፣ የታዘዘውም ደራሲው!

በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። በብራናው ዘመን ጸሐፊው ለሥዕል ቦታ ትቶ ያልፋል፤ ሠዓሊው ኋላ ይመጣል፤ ሳይመጣ ቀርቶም ባዶው ቦታ እስከ ዛሬ የሚታይበት መጽሐፍ አለ። ያጻፈው ሰውና የጸሐፊው ስም በመጽሐፉ መጨረሻ ይነሣል፤ የሠዓሊው ስም ግን ብዙውን ጊዜ የለም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረውን ፍሬ ጽዮንን ዛሬ በስሙ የምናውቀው በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕሉ ላይ ስሙ ስለ ተጻፈ ነው።

የእኔም ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ለማተሚያ ቤቱ የመጀመሪያውን ገጽ ስልክ የእኔን ስም በትልቁ፣ የአያቴን፣ ገንዘብ ያበደረኝን አጎቴን፣ ያረመልኝን መምህሬን ሁሉ ጻፍሁ። የሠዓሊውን ስም አልጻፍሁም። ክፋት አልነበረብኝም፤ ዋጋውን ስለ ከፈልሁ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። መጽሐፉን ይዤለት ስሄድ ገጹን ገለጠ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ «ጥሩ ታትሟል» አለና ብሩሹን ማጠብ ጀመረ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራው አመንጪ በስሙ እንዲታወቅ መብት እንደሚሰጥ የነገረኝ በኋላ አንድ የሕግ ተማሪ ነው። ግን እኮ ለዚህ ሕግ ማንበብ አያስፈልግም ነበር።

የማኅበራችን የሥነ ጽሑፍ ክፍል የተማሪዎችን አጫጭር ልብ ወለድ ሰብስቦ ሊያሳትም መሆኑን ሰምቻለሁ። እባካችሁ ሠዓሊውን ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ቀዳዳ እንደሚደፍን ሰው አትጥሩት። ረቂቁ ገና ሲታረም አብሮ ይቀመጥ። በአንድ ገጽ ወረቀት ውል ጻፉ፤ ስንት ሥዕል፣ እስከ መቼ፣ ስንት ጊዜ ቢመለስለት እንደሚያርም፣ ዋናው ሥዕል ለማን እንደሚቀር፣ መጽሐፉ ዳግመኛ ቢታተም ምን እንደሚያገኝ፣ ስሙም የት እንደሚጻፍ ይታወቅ። ለረቂቁም ይከፈለው፤ ያልተወደደ ሥዕልም ቀን ፈጅቷል። ስለ ወጪውም አትፍሩ። ባለ ሙሉ ቀለም ሥዕል አራት የማተሚያ ሰሌዳ ሲፈልግ ጥቁር መስመር በአንድ ይበቃዋል፤ በማባዣ ለምትወጣው ለዚህች ጋዜጣችን እንኳ ቀጭን መስመር አያቅታትም። ከመንገድ ማዶ እንዲታይ አድርጎ መሣል የለመደ የታፔላ ሰው ደግሞ መስመሩ ግልጽ ነው።

የሠዓሊውን ስም እዚህ ያልጻፍሁት ዳግመኛ ረስቼው አይደለም። ልጽፈው ፈቃድ ብጠይቀው «ዕዳህ መጽሐፉ ላይ ነው እንጂ ጋዜጣ ላይ አይደለም» አለኝ። በእጄ በቀሩት 112 ቅጂዎች ላይ ከአርእስቱ በታች በብዕር እየጻፍሁት ነው። የገዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በር ይዛችሁ ብትመጡ እጽፍላችኋለሁ። መምህራን የወሰዳችሁትም አምስት ቅጂ አለ፤ ወደ ቢሮአችሁ እኔው እመጣለሁ።