ያላነበበ የሚያልፈው ፈተና

ጅማ ከተማም ሆነ አጋሮ፣ ሊሙ ገነትም ሆነ የቡ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ ፈተና ማገላበጥ የለመደ ሰው «የፍቅር እስከ መቃብር ደራሲ ማን ናቸው?» ለሚል ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ከሥሩ አራት ስሞች ይደረደራሉ። ቀጥሎ የበዛብህ የትውልድ መንደር፣ ቀጥሎ ሰብለወንጌል የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከዚያም «መቼት ማለት ምን ማለት ነው?» ይመጣል። ሀዲስ ዓለማየሁን፣ ማንኩሳን፣ ፊታውራሪ መሸሻን ያከበበ ልጅ ልብ ወለዱን ተረድቷል ተብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። መጽሐፉን ግን ገልጦት አያውቅም።

ይህን አሠራር ደካማ ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ጎጂ ነው። ልጁን ሳያነብ እንዳነበበ መቆጠርን እያስተማረው ነው፤ ይህን ትምህርት ደግሞ ፈጥኖ ይይዛል። ትምህርት ቤት አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት የመጽሐፉ አጭር ማስታወሻ በሦስትና በአራት ገጽ ይሸጣል፤ በቴሌግራምም ጥያቄው ከነመልሱ ይዞራል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የቡና ለቀማ ነው። ቀይ እሸቱ ሳይረግፍ መለቀም አለበትና በጎማም በሊሙም ከክፍል የሚቀረው ልጅ ብዙ ነው፤ ቤተሰቡ ለዓመት የሚበቃውን ገንዘብ የሚያየው ያኔ ስለሆነ ማንም ሊፈርድበት አይገባም። የመንፈቅ ፈተና ሲደርስ ከለቀማ የተመለሰውም፣ ክፍል የከረመውም ያንኑ ማስታወሻ ሸምድደው ተቀራራቢ ውጤት ያመጣሉ። ማን እንዳነበበ፣ ማን ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር እንዳለበት ለመምህሩ ወረቀቱ አይነግረውም። ይህን የማይነግር ምዘና ለምን ያስፈልጋል?

የሚያንገበግበው፣ የመጽሐፉ ባለታሪክ ራሱ እንዲህ አለመመዘኑ ነው። በዛብህ የቅኔ ተማሪ ነው። በቅኔ ቤት የመምህሩን ቅኔ መልሶ በመድገም ብቻ የሚያልፍ የለም፤ ተማሪው ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፣ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፣ መምህሩም ያቃናለታል ወይም ይመልሰዋል። በዚሁ በጅማ ምድርም ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ቁጭ ይላል፤ ያነባል፣ ሸኹ ያብራራሉ፣ ይጠይቃሉ። ሁለቱም የየራሳቸው ጉድለት አላቸው፤ ሽምደዳም በሁለቱም ቤት ሞልቷል። የተማሪው መረዳት የሚመረመረው ግን ፊት ለፊት፣ በራሱ አንደበት ነው። እኛ ይህን ትተን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መን ያዝንና ዘመናዊ ትምህርት አልነው።

ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ የሁለት ወጣቶች የፍቅር ታሪክ ሆኖም በሰው ልብ ቀረ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም የአድማጩን አንጀት የበላው ያው ፍቅር ነው። ለአሥራ ሦስትና ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ግን መጽሐፉ ከሁሉ በፊት የማደግ ታሪክ ነው። የበዛብህ ወላጆች፣ ቦጋለና ውድነሽ፣ ልጃቸው በሕይወት እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ሊሰጡት ይሳላሉ። ልጁ እሱ ያልገባውን ቃል ተሸክሞ ያድጋል፤ ከቤት ይወጣል፣ ይማራል፣ ይወድዳል፣ ከዚያ በወላጆቹ ስለትና በራሱ ልብ መካከል ይቆማል። መረዳት ካለ መፈተሽ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ከአጋሮ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት ይህን የስለት ክፍል ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው፤ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ አልጻፍኩም። ከኋላ ወንበር የሒጃቧን ጫፍ የምታፍተለትል ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እሱን ጠይቀውታል?»

«ማንን?» አልኳት።

«ልጁን ነዋ! የተሳሉት እነሱ፣ የሚከፍለው እሱ።»

ከፊቷ የተቀመጠው ልጅ ዞሮ ተቆጣ። እሱ ታሞ በነበረ ጊዜ አያቱ ለድሬ ሼህ ሁሴን ተስለው እንደነበር፣ ባይሳሉ ኖሮ ምናልባት እንደማይተርፍ ነገራት። «አያትህ ስለታቸውን ራሳቸው አደረሱ፤ አንተን አልሰጡህም» ብላ መለሰችለት። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ በሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። አንዱ «ወላጅ ያዘዘው ይፈጸማል» አለ፤ ሌላዋ ከትምህርት ቤት ቀርታ የተዳረች እኅቷን አነሣች። ማን ታሪኩን እንደተከተለ፣ ማን ከበዛብህ ይልቅ ለውድነሽ እንዳዘነ፣ ማን ገና ምንም እንዳልያዘ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ያችው ልጅ ታዲያ በመንፈቁ ፈተና የበዛብህን እናት ስም የሚጠይቀውን ጥያቄ ስታዋለች።

ከምርጫ የማይሻል ሌላም ጥያቄ አለ፤ «ደራሲው ሊያስተላልፉ የፈለጉት መልእክት ምንድን ነው?» የሚለው። ለልጁ ሐሳብ በር የተከፈተ ይመስላል፤ በማረሚያው ላይ ግን የተጻፈው መልስ አንድ ነው፤ «የፊውዳሉን ሥርዓት ጨቋኝነት ማሳየት።» ልጁ ይህችን ሐረግ ይጽፋል፣ ይታረምለታል። ከመጽሐፉ ባለታሪኮች አንዱ ጉዱ ካሣ ለምን እብድ እንደተባለ ግን አልገባውም። ሀገር ሁሉ እብድ ያለው ሰው ከሁሉ ይልቅ አስተውሎ እንደሚናገር ልጁ በራሱ ንባብ ካልደረሰበት «ጨቋኝ ሥርዓት» ባዶ ቃል ነው። የተለየ መልስ የጻፈውን ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለው ማረሚያ ይቀጣዋል።

በጅማ አንድ ተጨማሪ በደል አለ። ብዙው ልጅ አፉን የፈታው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ አማርኛን የሚማረው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ታሪኩ ጥርት ብሎ ገብቶት በአማርኛ አንድ አንቀጽ መጻፍ ያቃተውን ልጅ «አልተረዳም» እንለዋለን። የአማርኛ ችሎታው በሌላ ቀን፣ በሌላ ጥያቄ ይመዘን። ልብ ወለዱን መረዳቱ የሚፈተሽ ከሆነ መጀመሪያ በሚያስብበት ቋንቋ ይከራከር፣ ከዚያ የደረሰበትን በሁለትና በሦስት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ያስፍር። የአማርኛ መምህሩ አፋን ኦሮሞ ባይሰማ እንኳ የሚያግዘው ተማሪ ወይም ባልደረባ አያጣም።

«ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚሉ መምህራንን ድካማቸውን አውቃለሁ። በአንድ ክፍለ ጊዜ አራት ልጆች ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢናገሩ ግን መንፈቁ ሳያልቅ ስልሳውም ይዳረሳሉ። «መጽሐፉ አንድ ብቻ ነው» ለሚለውም ወጋየሁ ንጋቱ መልስ ሰጥቷል፤ አንድ ሰው አሳምሮ ሲያነብ ሚሊዮን ይሰማል። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነውን መጽሐፍ በሦስት ገጽ ጨምቆ ከማደል አንዱን ምዕራፍ ሙሉውን ማንበብ ይሻላል።

«ምርጫ አያዳላም» የሚለው መከራከሪያ ከሌላ ቦታ ቢመጣ አይገርመኝም፤ ከጅማ ሲመጣ ይገርመኛል። ቡና ደረጃ ሲወጣለት የጥሬው ጉድለት ተቆጥሮ ብቻ አይታለፍም፤ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በሰው ምላስ ይቀመሳል። ቀማሹ ሰው ነውና ሊሳሳት ይችላል ተብሎ ቅምሻው አልተሰረዘም፤ ቀማሽ እንዲሠለጥን፣ አንዱ የሌላውን እንዲያመሳክር ተደረገ እንጂ። ሁለት መምህራንም የአንድን ልጅ ጽሑፍ ተለዋውጠው ማረም ይችላሉ።

የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲሰማ ሀገር ደነገጠ። ከድንጋጤው በኋላ ግን የተሯሯጥነው ወደ ሞዴል ጥያቄና ወደ ማጠናከሪያ ትምህርት ነው። አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሳያነብ 12ኛ ክፍል የደረሰን ልጅ የጥያቄ ክምር አያድነውም፤ ንባቡ የተበላሸው ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ላይ፣ ሳያነብ ማለፍ እንደሚቻል ያወቀ ዕለት ነው።

የስምንተኛ ክፍልን ክልላዊ ፈተና መምህሩ ብቻውን አይለውጠውም፤ እሱን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ይጠየቅበት። የክፍል ምዘናው ግን በእጁ ነው። ከሚቀጥለው የመንፈቅ ፈተና አምስት የምርጫ ጥያቄዎች ሰርዞ በምትካቸው «በዛብህ ወላጆቹ የተሳሉትን ስለት የመፈጸም ግዴታ ነበረበት? ከተነበበልህ ክፍል አንድ ቦታ ጠቅሰህ ተከራከር» የሚል አንድ ጥያቄ ለማስገባት የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም።